ስታዲየምን ከሰማይ የሚያየው የለም

አንድ ክለብ አዲስ ስታዲየም ሊሠራ መሆኑን ሲያበስር የሚለቀው ቪዲዮ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ካሜራው ከላይ እየተንሳፈፈ ይመጣል። ጣሪያው በመብራት ያብረቀርቃል። ዙሪያው ዛፍ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። በኮምፒውተር የተሠሩት ደጋፊዎች ፈገግ ብለው ዘና እያሉ ይራመዳሉ። ወረፋ የለም፣ ግፊያ የለም፣ አውቶቡስ ጥበቃ የለም። ወዲያው በማኅበራዊ ሚዲያ ጭብጨባው ይቀልጣል። «ምን ያምራል!»

ያምራል፣ አልክድም። ግን ስታዲየምን ከሰማይ ሆኖ የሚያየው ማን ነው? ደጋፊው የሚያየው ከመንገዱ ነው፣ ከመቀመጫው ነው፣ ከበሩ ነው። ለኔ አዲስ ስታዲየም መመዘን ያለበት ከእነዚህ ቦታዎች ነው። ስለ ጣሪያው ቅርጽ የሚወራው ወሬ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ከመንገዱ ልጀምር። ክለቦች ከከተማ ወጣ ያለ ባዶ መሬት ይወዳሉ። አይፈረድባቸውም። መሬቱ ርካሽ ነው። የሚፈርስ ቤት የለም። «ጩኸት በዛብን» ብሎ የሚከስ ጎረቤት የለም። መኪና ማቆሚያው እንደ ልብ ነው። ወረቀት ላይ ሁሉም ነገር ትርፍ ነው።

ጣጣው የሚመጣው ጨዋታው ሲያልቅ ነው። ደጋፊ ሲመጣ ተንጠባጥቦ ነው። አንዱ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ይደርሳል፤ ሌላው ኳሱ ሊጀመር ሲል እያለከለከ ይገባል። ሲወጣ ግን ሁሉም አንድ ላይ ነው። ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ እንደነፋ 40,000 ሰው በአንድ ጊዜ ቤቱን ያስባል። አሁን እናስላው። ስታዲየሙ አጠገብ የሚያልፈው አንድ የባቡር መስመር ብቻ ነው እንበል። አንዱ ባቡር አንድ ሺህ ሰው ይጭናል፤ በየሦስት ደቂቃውም ይመጣል። ይህ ደህና የሚባል አገልግሎት ነው። እንዲያም ሆኖ በሰዓት የሚያነሳው 20,000 ሰው ነው። ሁሉም ባቡሩን ከጠበቀ የመጨረሻው ደጋፊ የሚሳፈረው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ጨዋታው ራሱ ከነእረፍቱ ይህን ያህል አይፈጅም።

«በመኪና ይምጡ» የሚል አይጠፋም። አንድ መኪና መቆሚያውና መዞሪያው ሲደመር 25 ካሬ ሜትር ገደማ ይፈልጋል። 10,000 መኪና ሲሆን 250,000 ካሬ ሜትር ይሆናል። መደበኛው የኳስ ሜዳ 105 በ68 ሜትር ነው፤ 7,140 ካሬ ሜትር ማለት ነው። ስለዚህ ለመኪኖቹ ብቻ 35 የኳስ ሜዳ የሚያክል አስፋልት ሊነጠፍ ነው። ያውም በአብዛኛው በሁለት ሳምንት አንዴ ለሚሞላ ቦታ። ከዚያ 10,000ው መኪና በአንድ አውራ ጎዳና ካልገባሁ ብሎ ይተፋፈጋል።

መሃል ከተማ ያለ ስታዲየም ሰውን ስለሚበትን ይሻላል። አንዱ በእግሩ ይሄዳል። ሌላው ወደተለያዩ ጣቢያዎች ይከፋፈላል። ብዙው ደግሞ ቶሎ አይሄድም፤ የሆነ ቤት ቁጭ ብሎ ስለ ተሻረችው ጎል ይከራከራል። ያ ክርክር ትልቅ የትራንስፖርት ፖሊሲ ነው። ከተማ ዳር ባለ መኪና ማቆሚያ ላይ ግን ማን ቆሞ ይከራከራል?

የስፔኗ ከተማ ቢልባኦ ሰዎች ይህን በደንብ ገብቷቸዋል። ክለባቸው አትሌቲክ ክለብ እ.ኤ.አ ከ1913 ጀምሮ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ ናቸው) በሳን ማሜስ ስታዲየም ሲጫወት ኖሯል። አዲስ ስታዲየም ሲያስፈልገው ከተማውን ለቆ አልወጣም። አዲሱን ከአሮጌው ጎን መሥራት ጀመረ። በ2013 ሦስቱ ወገን አልቆ ጨዋታ ተጀመረ፤ አሮጌው ፈርሶ አራተኛው ወገን እሱ በነበረበት ቦታ ላይ ተሠራ። ደጋፊው የሚወስደው ባቡርም፣ የሚጠጣበት ቤትም አልተቀየረበትም። የለንደኑ ብሬንትፎርድም በ2020 የገባበት ስታዲየም በባቡር ሐዲዶች መሃል በተረፈች ሦስት ማዕዘን መሬት ላይ የተሰካ ነው። የሚይዘው 17,250 ሰው ነው። መሬቱን ካርታ ላይ ያየ ሰው «እዚህ ቤት እንኳን አይገባም» ይላል። ገብቷል።

ከከተማ መውጣት ሁሌ ኃጢአት ነው እያልኩ ግን አይደለም። የሙኒኩ አሊያንዝ አሬና በ2005 የተከፈተው ከከተማዋ ሰሜናዊ ጫፍ፣ አውራ ጎዳና አጠገብ ነው። ይሠራል። ለምን? የምድር ውስጥ ባቡር ይደርሰዋል። ከጣቢያው እስከ ስታዲየሙ ያለው ሰፊ የእግር መንገድ ደግሞ ሕዝቡን ቀስ እያደረገ ያሳልፈዋል። ብዙ ክለቦች የአሊያንዝ አሬናን የሚያበራ ግድግዳ አይተው ይቀናሉ። ባቡሩን ግን «በሁለተኛው ምዕራፍ ይሠራል» ብለው ያሳድሩታል። ሁለተኛው ምዕራፍ መቼ እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን።

መሃል ከተማም ቢሆን በነፃ አይገኝም። ኤቨርተን ከ1892 ጀምሮ የኖረበትን ጉዲሰን ፓርክን ትቶ በ2025 ወደ ወንዙ ዳር፣ ወደ ጥንታዊው የሊቨርፑል ወደብ ገብቷል። ዩኔስኮ በ2021 የሊቨርፑልን ወደብ ከዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰርዝ ከጠቀሳቸው ግንባታዎች አንዱ ይኸው ስታዲየም ነበር። ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም። እኔ ግን ተከራከር ብባል ለስታዲየሙ ነው የምከራከረው። ለዓመታት ባዶውን የተቀመጠ ወደብ 52,000 ሰው ሲገባበት ይሻለዋል።

አሁን መቀመጫው ላይ እንቀመጥ። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። የኳስ ስታዲየም ውስጥ የመሮጫ መም አይግባ! «ሁለገብ» የሚለው ቃል ለባለሥልጣን ጆሮ ይጣፍጣል። አንድ ሕንፃ፣ ሁለት ስፖርት፣ ግማሽ ወጪ። ውጤቱ ግን ደጋፊውንም ሯጩንም የማያስደስት ነገር ነው። መሙ ሜዳውን ይከበዋል፣ ደጋፊውን ወደ ኋላ ይገፋዋል። በተለይ ከጎሉ ጀርባ ያለው ሰው በሌላኛው ጎል ማን እንዳገባ የሚያውቀው ከሌሎች ጩኸት ነው።

የጣሊያኗ ቱሪን ይህን በውድ ተምራለች። ለ1990ው የዓለም ዋንጫ የተሠራው ዴሌ አልፒ ስታዲየም 69,000 ገደማ ሰው ይይዝ ነበር። መም ነበረው። ጁቬንቱስን የሚያህል ክለብ፣ ዋንጫ በዋንጫ በሆነበት ዘመን፣ ባዶ ወንበር እያየ ይጫወት ነበር። ሃያ ዓመት እንኳን ሳይሞላው አፈረሱት። በዚያው ቦታ ላይ በ2011 የተከፈተው አዲሱ ስታዲየም የሚይዘው 41,000 ገደማ ብቻ ነው። የፊተኛው ረድፍ ከሜዳው ሰባት ሜትር ተኩል ያህል ቢርቅ ነው። ቦታው ያው ነው፣ ክለቡ ያው ነው፣ ወንበሩ በብዙ ሺህ ቀንሷል፤ ድባቡ ግን ሌላ ሆነ።

የለንደኑ ዌስትሃም ደግሞ በተቃራኒው ሄደ። በ2016 ከ1904 ጀምሮ የኖረበትን ጠባቡን አፕተን ፓርክን ለቆ ለ2012ቱ ኦሎምፒክ ወደተሠራው ስታዲየም ገባ። በ2018 መጋቢት ከበርንሌይ ጋር ሲጫወት ደጋፊዎች ሜዳ ገብተው ተቃወሙ። የተናደዱበት ብዙ ነገር ነበር። ስታዲየሙ ግን ከዋናዎቹ አንዱ ነው። በሚገፋና በሚሳብ ወንበር ርቀቱን ለማጥበብ ቢሞከርም ለአትሌቲክስ የተሠራ ቤት ለአትሌቲክስ እንደተሠራ ያስታውቃል።

ባለሙያዎቹ ሲ-ቫልዩ የሚሉት ልኬት አለ። ከኋላ ያለው ተመልካች ወደ ሜዳው ሲያይ የእይታው መስመር ከፊቱ ካለው ሰው ዓይን በላይ ስንት ሴንቲ ሜትር ያልፋል ማለት ነው። 12 ከሆነ በምቾት ይታያል። 9 ደህና ነው። 6 ሲሆን አንገት ማስገግ ይጀመራል። እንግዲህ ትሪቡኑን፣ ማለትም የተመልካቹን መደዳ፣ ወደ ሜዳው ባስጠጋነው ቁጥር ይህን ልኬት ለመጠበቅ ይበልጥ ቀጥ ማድረግ ግድ ነው። እንግሊዞች ከ34 ዲግሪ በላይ አይሁን ይላሉ፤ ከዚያ በላይ ሰው ይወድቃል። ጥሩ አርክቴክት የሚለየው በእነዚህ በጥቂት ሴንቲ ሜትሮችና ዲግሪዎች መካከል ሲጨነቅ ነው። ይህ ጭንቀት ደግሞ ፎቶ ላይ አይታይም።

ድምፅም እንዲሁ ነው። ዶርትሙንድ ከጎሉ ጀርባ 25,000 ገደማ ሰው የሚቆምበት አንድ ወጥ ግድግዳ አለው። ቶተንሃም በ2019 ስታዲየሙን ሲከፍት ይህን አይቶ 17,500 ሰው የሚይዝ ባለአንድ ደርብ ትሪቡን በደቡብ በኩል ሠርቷል። ሕዝቡ በሁለትና በሦስት ደርብ ሲቆራረጥ፣ መሃሉ ላይ የክቡራን እንግዶች መስታወት ሲገባ፣ መዝሙሩም ይቆራረጣል። በዚህ ረገድ የፖርቱጋሉን ብራጋ ስታዲየም እያደነቅኩ እቃወመዋለሁ። ድንጋይ ከተፈለጠበት ተራራ ጎን ተቀርጾ የወጣ ድንቅ ሥራ ነው፤ አርክቴክቱ ኤድዋርዶ ሶቶ ዴ ሞራ በ2011 ትልቁን የሥነ ሕንፃ ሽልማት፣ ፕሪትዝከርን፣ ወስዷል። ግን ትሪቡን ያለው በግራና በቀኝ ብቻ ነው። ከአንዱ ጎል ጀርባ ያለው ድንጋይ ነው። ድንጋይ ደግሞ አይዘምርም።

ስለ በሩ ብዙ ማለት አያሻም፤ ታሪኩ ይናገራል። በ1971 በግላስጎው አይብሮክስ ስታዲየም 66 ሰው የሞተው ጨዋታው አልቆ በደረጃ ሲወርድ ነው። በ1989 በእንግሊዙ ሂልስቦሮ ስታዲየም የ97 ሰው ሕይወት ያለፈው ሕዝቡ በጠባብ መተላለፊያ ቀድሞ በሰው ወደሞላ አጥር ውስጥ እንዲገባ ስለተደረገ ነው። በጥር 2022 በካሜሩን ያውንዴ ኦሌምቤ ስታዲየም በአፍሪካ ዋንጫ 8 ሰው የሞተው ክፍት መሆን የነበረበት በር ተዘግቶ ነው። ኦሌምቤ አዲስ ስታዲየም ነበር። ማራኪም ነበር። የእንግሊዙ የደህንነት መመሪያ በመደበኛ ሁኔታ ሰው ከትሪቡኑ በ8 ደቂቃ ውስጥ ወጥቶ ማለቅ አለበት ይላል። በአዲስ ስታዲየም ምረቃ ላይ ይህን ቁጥር የሚጠይቅ ጋዜጠኛ ባየሁ ደስ ይለኛል።

ሣሩንም እናንሳው፣ በአጭሩ። ጣሪያው በገፋ ቁጥር ፀሐይና ነፋስ ይቀንሳል። የሚላኑ ሳን ሲሮ ለ1990ው የዓለም ዋንጫ ሦስተኛ ደርብና ጣሪያ ከተጨመረለት በኋላ ለዓመታት ሣሩ አልበቅል ብሎ አስቸግሯል። አሁን ሀብታም ክለቦች በጋሪ የሚገፋ መብራት ሣሩ ላይ ያቆማሉ። የመብራት ወጪውን የማይችል ክለብ ጣሪያውን ከመሳሉ በፊት ፀሐይዋ በየት በኩል እንደምትዞር ይይ።

የቀረው መጠን ነው። እዚህ ላይ ነው ኩራት የሚያሸንፈው። «ከጎረቤት ክለብ እኛ እናንሳለን?» የሚለው ጥያቄ ስንቱን ገንዘብ በላ! ሙሉ የሆነ 20,000 ወንበር ግማሹ ባዶ ከሚሆን 40,000 ወንበር ይሻላል፤ በድምፅም፣ በትኬት ገበያም። ቦታ ያልቃል ብሎ የሚሰጋ ሰው የዓመት ትኬት ቀድሞ ይገዛል። ሁሌም ወንበር እንዳለ የሚያውቅ ሰው ግን ዝናብ ካየ ቤቱ ይቀራል። የብራዚሏ ማናውስ ለ2014ቱ የዓለም ዋንጫ ከ40,000 ሰው በላይ የሚይዝ ስታዲየም ሠራች። አራት ጨዋታ አስተናገደች። በዋናው ሊግ የሚጫወት ክለብ ግን አልነበራትም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የእንግሊዟ ዳርሊንግተን ናት። የከተማዋ ክለብ በታችኛው ዲቪዚዮን ነበር፤ በየጨዋታው የሚመጣለት ሁለት ሦስት ሺህ ሰው ነው። ባለቤቱ በ2003 ከከተማው ጠርዝ 25,000 ወንበር ያለው ስታዲየም ሠራለት። በዚያው ዓመት መጨረሻ ክለቡ ከስሮ በአስተዳዳሪ እጅ ወደቀ። በ2012 ስታዲየሙን ለቀቀ፤ ሕንፃውን የራግቢ ክለብ ገዛው። ኳስ ተጫዋቾቹ ለዓመታት በሰው ከተማ ሜዳ ሲጫወቱ ቆይተው በ2016 ወደ ዳርሊንግተን ተመለሱ። የተመለሱት ትንሽዬ ሜዳ ላይ ነው፤ እሱም የሌላ ራግቢ ክለብ ነው።