አበባው ሲወጣ

እዚህ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከወራት ብርድ በኋላ የመጀመሪያዋ ሞቃት ቅዳሜ ስትመጣ ሁሉም ሰው መስኮቱን ይከፍታል። እኔም ከፈትኩ። ወፍራሙን ጃኬት ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኩና ቤት ማጽዳት ጀመርኩ። ስልኬ ሳልጠይቀው «ለጸደይ ስሜት የሚሆኑ ሙዚቃዎች» ብሎ ዝርዝር አቀረበልኝ። ነካሁት።

የመጀመሪያው የቪቫልዲ ነበር። ጣልያናዊው ሙዚቀኛ እ.ኤ.አ. በ1725 ባሳተማቸው «አራቱ ወቅቶች» ውስጥ ጸደይን በቫዮሊን ይተርካል። ወፎች ይንጫጫሉ፣ ምንጭ ይፈስሳል፣ ነጎድጓድ መጥቶ ያልፋል። አብሮት የታተመ ግጥም አለ፤ የቱ ድምፅ ምን እንደሆነ ይናገራል። መሃል ላይ አንድ ፍየል ጠባቂ አበባ በሞላው መስክ ላይ ተኝቷል፣ ታማኝ ውሻው አጠገቡ ነው። የውሻውን ጩኸት የምታሰማው ከቫዮሊን ትንሽ ተለቅ የምትለው ቪዮላ ናት።

እዚች ቦታ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ልጅነቴ ይመጣብኛል። ደብረ ብርሃን አካባቢ ከብት ጠብቄ ነው ያደግኩት። በመስከረም የሚተኛ እረኛ አላውቅም። ዝናቡ አባርቷል፣ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል፣ ለመተኛት የሚመች ለምለም ሣር ሞልቷል። ግን ገብሱም ባቄላውም ገና ማሳ ላይ ነው። የሚሰበሰበው ከኅዳር ወዲያ ነው። ዓይኑን የከደነ ልጅ ከብቶቹን የሚያገኛቸው የሰው ሰብል ውስጥ ነው፣ ማታ የሚጠብቀውን ደግሞ ያውቀዋል። ዋሽንት የምንነፋው እንቅልፍ እንዳይወስደን ነበር። የፈረንጁ ጸደይ ብርድ ያለፈለት ሰው ዕረፍት ነው። የእኛ መስከረም ግን ረሃቡ ገና ያልተገፋ፣ እሸቱን በዓይኑ እያየ የሚጠብቅ ገበሬ ደስታ ነው። ዘፈኖቻችንም ውስጥ ይኼ ጉጉት ያለ ይመስለኛል።

ከቪቫልዲ በኋላ ሞቅ ያለ የአማርኛ ጭፈራ ጨመርኩበት። በመሃሉ እማዬ ከአገር ቤት ደወለች። ሰላምታዋን ሳትጨርስ ዝም ብላ አዳመጠች።

«ልጄ፣ ይኼ የምሰማው አንተ ቤት ነው? ሁዳዴ እኮ ነው።»

«እዚህ ጸደይ ገብቷል እማዬ።»

«ይግባ እንጂ! ፋሲካ መች ገባ?»

አልተቆጣችም፣ ገርሟት ነው። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ አሰብኩት።

አብዛኞቻችን ጸደይ ሲባል የሚመጣልን መስከረም ነው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ግን መስከረም 26 የሚገባው መፀው ነው፤ ጸደይ የሚጀምረው መጋቢት 26 ነው። በፈረንጆቹ ኤፕሪል 4 ማለት ነው። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1912 ለዋሽንግተን የሰጠቻቸው የቼሪ ዛፎች ታይዳል ቤዝን በሚባለው ኩሬ ዙሪያ የሚፈኩትም በዚሁ ሰሞን ነው። ስለዚህ የሁለቱ አገር ጸደይ ቀኑ ይቀራረባል። ስሜቱ ነው የሚለያየው። እዚህ ሰው ሁሉ ውጭ ወጥቶ ሙዚቃ ሲከፍት፣ ለእኛ ወቅቱ የጾም ነው። ሰውነቴ ጭፈራ ሲያምረው ቀኑ ጸጥታ ይለኛል።

አገር ቤት እያለን ሙዚቃ ስንመርጥ አላስታውስም። ወቅቱ ነበር የሚመርጥልን። ነሐሴ 13 ቡሄ ሲሆን ጅራፉ ይጮሃል፣ ሆያ ሆዬ በር ላይ ይቆማል። ለእንቁጣጣሽ ልጃገረዶቹ አበባየሆሽ ሲሉ ተቀባዮቹ «ለምለም» ይላሉ። በመስቀል ችቦው ተለኩሶ እዮሃ ይባላል። ከዚያ ዘመነ ጽጌ ይገባል፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5፣ አርባ ቀን። ቅዳሜ ለእሑድ ሌሊት ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል። አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ ሲወጣ እሰማው ነበር፣ ሲነጋ ደግሞ ዕጣን ዕጣን እየሸተተ ይመለሳል። አንዱ ሲያልፍ አለፈ ነው። በጥር አበባየሆሽ የምትል ልጅ አላየሁም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ከበሮና ጸናጽል ሳይቀር ይቀመጣሉ፤ ሊቃውንቱ በመቋሚያ ያዜማሉ። ለፋሲካ ከበሮው እንደገና ሲመታ ደረት ውስጥ የሚሰማው ለዚህ ነው። ናፍቆን ስለነበር።

አሁን አገር ቤትም እየተለወጠ ነው። በነሐሴ አዲስ አበባ ሄጄ ነበር። ሱቆቹ በር ላይ ሞንታርቦ ተገትሮ የአዲስ ዓመት ዘፈን ቀኑን ሙሉ ይለቀቃል። መስከረም 1 ሲደርስ ጆሮ ሰልችቶታል። ይኼ ያሳዝነኛል። እዚህ እኛ በስልካችን የምናደርገውን እዚያ በድምፅ ማጉያ እያደረጉት ነው።

ያን ቅዳሜ ከሰዓት የስድስት ዓመት ልጄን ይዤ አበባውን ለማየት ወጣሁ። እማዬን አስቤ መኪና ውስጥ በገና ከፈትኩ። በገና አሥር አውታር አለው። ከአውታሮቹ ሥር እንዚራ የሚባሉ ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች ይገባሉ፤ ያንን የሚነዝር ድምፅ የሚሰጡት እነሱ ናቸው። ለእኔ ያ ድምፅ ሁልጊዜ ሐዘን ነበር። የኃጢአት፣ የሞት፣ የዚህ ዓለም ከንቱነት ድምፅ። ልጄ ከኋላ ወንበር ትንሽ አዳመጠችና «አባዬ፣ ንቦች ናቸው?» አለችኝ።

ዝም አልኩ። ልክ ነበረች። አበባ በሞላው ዛፍ ሥር ቀስ እያልን እየነዳን ነበር፣ የምንሰማውም እንደ ቀፎ የሚያጉረመርም ድምፅ ነበር። የቼሪ አበባ ሙሉ ሆኖ የሚቆየው ጥቂት ቀን ነው። ነፋስ ሲመጣ የአበባው ቅጠል እንደ በረዶ መኪናው ላይ ይወርዳል። በገናውም የሚለው ይኸንኑ ነው፤ ታያለህ፣ ያልፋል። ለጸደይ ከዚህ የተሻለ ሙዚቃ ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ በቤታችን መልሼ ወቅት እያስያዝኩ ነው። እስከ ፋሲካ በገና። ከፋሲካ በኋላ አገር ቤት ሠርግ ይበዛል፣ እዚህም ሜይና ጁን የሠርግ ወር ነው፤ ያኔ ማሲንቆው፣ እስክስታው፣ የሙሽራው ዘፈን ይምጣ። ትዝታን ለኅዳር አስቀምጡልኝ። ቅጠሉ ረግፎ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሲጨልም ከትዝታ ቅኝት ጋር የሚስማማ ነገር የለም። በጠራራ ፀሐይ መስኮት ከፍቶ ትዝታ የሚሰማ ጓደኛ አለኝ፤ እወደዋለሁ፣ ግን በዚህ አንስማማም።

አበባየሆሽ ግን ለመስከረም ብቻ ነው። እዚህ መስከረም ሲጠባ ዛፉ ለመርገፍ ይዘጋጃል፣ አደይም የለም። ልጆቻችን ከግሮሰሪ በተገዛ አበባ ሲዘፍኑ ልቤ ይከፋ ነበር። በኋላ ነው ያስተዋልኩት። የሜሪላንድ ግዛት አበባ ብላክ አይድ ሱዛን ይባላል። ቢጫ ነው፣ መሃሉ ጠቆር ያለ። ከበጋቸው አንሥቶ እስከ እንቁጣጣሽ ሰሞን ያብባል። ከሩቅ ላየው አደይን ያስታውሳል።

ባለፈው እሑድ ከልጄ ጋር ችግኙን በረንዳችን ፊት ተከልነው። በትንሿ ጣሳ ውኃ እያጠጣች አንገቷን ቀና አደረገች።

«አባዬ፣ አበባየሆሽን አሁን እንዝፈን?»

«አበባው ሲወጣ» አልኳት።

ጣሳውን ልትሞላ ወደ ቤት ሮጠች።