ማስተካከያ፦ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ባቡር ጣና ዳር አልደረሰም

ሰሞኑን በባሕር ዳር በስፋት የተጋራ ጽሑፍ «በ1928 ዓ.ም. የመንግሥት ባቡር እስከ ጣና ዳር ጥይት ያመላልስ ነበር» ይላል። ይህ ስህተት ነው። የዘመኑ የመስመር ካርታዎችና የታተሙ የታሪክ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ በመንግሥቱ ግዛት የነበረው ሐዲድ አንድ ብቻ ነው። ከጅቡቲ ተነስቶ በድሬዳዋና በአዋሽ አድርጎ አዲስ አበባ ላይ ያበቃ ነበር፤ ርዝመቱ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር። ዓባይን የተሻገረ ሐዲድ አልነበረም።

«የመንግሥት» መባሉም ያሳስታል። ኩባንያውም ወደቡም በፈረንሳዮች እጅ ነበሩ። በታኅሣሥ 1927 ፈረንሳይ ከጣሊያን ጋር ስትዋዋል ከኩባንያው አክሲዮን 2,500 ያህሉን ለጣሊያን ለቀቀች። መንግሥት ያዘዘው መሣሪያ ጅቡቲ ላይ ሲታገድና ሲዘገይ ማስገደጃ መንገድ ያጣው ለዚህ ነው።

አዲስ አበባ የገባው መሣሪያ ወደ ሰሜን የተጓዘው በጥቂት ካሚዮኖችና በአጋሰስ ነው። የጥይት ሣጥን ግራና ቀኝ እኩል ካልተጫነ ኮርቻው ያጋድላል፣ የበቅሎዋ ጀርባ ይገጠባል፣ ጭነቱም መንገድ ላይ ይቀራል። የጫኞቹን ድካም ለባቡር መስጠት በደል ነው።

ጎንደርን በመጋቢት 1928 የያዘው የጣሊያን ጦርም የመጣው በካሚዮን ነው። ባቡሩ ሚያዝያ 24 ንጉሠ ነገሥቱን ወደ ጅቡቲ ወስዷል፤ አዲስ አበባ የተያዘችው ሚያዝያ 27 ነው።

ጽሑፉን ለአርበኞች ቀን ዝግጅት የቀዳችሁ መምህራንና አስጎብኚዎች፣ «በባቡር» የሚለውን «በአጋሰስና በካሚዮን» ብላችሁ አርሙት።