የአክስቴ 20 ሺህ ሰዓቶች

አክስቴ ከመንዝ ደብረ ብርሃን ሊጠይቁኝ ሲመጡ ሦስት ነገር ይዘው ነው፤ አንድ ፌስታል ቆሎ፣ ከበግ ፀጉር የተሠራ ባና እና እንቅልፋቸውን። ቆሎውን ያካፍሉናል። ባናውንም ብርዱ ሲጠና ለኔ ይሰጡኛል። እንቅልፋቸውን ግን ለማንም አያበድሩም። ማታ 2 ሰዓት ሲል፣ ዜናው ሳያልቅ፣ ጋደም ይሉና ድርግም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ማንም ሳይቀሰቅሳቸው ብድግ። እሳቸው ብድግ ካሉ ደግሞ ቤቱ በሙሉ ብድግ ነው። ጸሎታቸውን አድርሰው፣ ከሰሉን አያይዘው በሬ ላይ ይቆማሉ።

«ይኼ ልጅ እስካሁን ተኝቷል? አሞታል እንዴ?»

በእሳቸው ሕክምና ለመታመም ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል አልፎ መተኛት ይበቃል። እኔ እንቅልፍ የወሰደኝ ከሌሊቱ 7 ሰዓት መሆኑን አያውቁም። ምን ስሠራ አመሸሁ? ስለ እንቅልፍ ጥቅም ሳነብ። በስልክ፣ በጨለማ። «ከመኝታ በፊት የስልክ ብርሃን ማየት እንቅልፍ ይከለክላል» የሚለውን ጽሑፍ እስከ መጨረሻዋ ቃል ድረስ አነበብኩት። እውነቱን ነበር።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በሌሊት ሰማይ ላይ ብርሃን ታያቸውና ቦታው ደብረ ብርሃን ተባለ ይላሉ። ያኔ ብርሃኑ አንድ ነበር፣ ከተማም አስቆረቆረ። ዛሬ ሌሊት ሌሊት በየብርድ ልብሱ ስር አንድ አንድ ብርሃን አለ፣ የሚያስቆረቁረው ግን ዓይን ነው።

ካነበብኩት የገባኝን ልንገራችሁ። አንጎላችን ውስጥ፣ የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች ከሚሻገሩበት ከፍ ብሎ፣ ከስንዴ ቅንጣት የምታንስ ቦታ አለች። እዚያች ውስጥ 20 ሺህ ያህል ሕዋሳት ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ እያንዳንዳቸውም በየራሳቸው ሰዓት ናቸው። ተስማምተው ነው የሚሠሩት (ሃያ ሰው ያለበት ዕድር መቼ እንደሚሰበሰብ መስማማት ባቃተበት ዘመን!)። ብቻቸውን ከተተዉ ቀናቸው ከ24 ሰዓት በጥቂት ደቂቃ ይረዝማል። ይህቺን ትርፍ በየቀኑ የምታርመው የጠዋት ፀሐይ ናት።

ፀሐይ ባታርማቸውስ? በ1962 እንደ ፈረንጆቹ፣ ሚሼል ሲፍር የሚባል ፈረንሳዊ ያለ ሰዓት አልፕስ ተራራ ሥር ዋሻ ገብቶ ሁለት ወር ተቀመጠ። ይህን ለአክስቴ ስነግራቸው ፊታቸው በራ።

«ባሕታዊ ነው?»

«የለም እትዬ፣ ተመራማሪ ነው።»

«ታዲያ ምን ሊያደርግ ገባ?»

«ቀኑ ይጠፋኝ እንደሆነ ልይ ብሎ ነው።»

ጠፋበት። ጊዜህ አልቋል ሲሉት በፈረንጆቹ መስከረም 14 ነበር፤ እሱ ግን ገና ነሐሴ 20 ነው ብሎ ያስባል። ወደኛ መለስኩት፦ እኛ ዘንድ መስከረም 4 ቀን 1955 ሆኗል፣ ሰውየው ነሐሴ 14 ላይ ነው። አክስቴ ደረታቸውን መቱ። «ውይ! ገና ፍልሰታ ላይ ነዋ! የሩፋኤልን ጠበል አላገኘ፣ እንቁጣጣሽም አለፈው!» ሳይንሱ በሃያ አምስት ቀን የለካውን ጉዳት እሳቸው በጾምና በዓል ለኩት። የማን ልኬት ይበልጥ እንደሚያም አላውቅም።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ይኼ ነው። የሰውነት ሰዓት የሚያጠኑ ሰዎች ቤተ ሙከራ ውስጥ ጊዜ ሲቆጥሩ ብርሃን የበራበትን ቅጽበት ዜሮ ይሉና ከዚያ ይነሣሉ፤ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ መብራቱ ይጠፋል። «ዛይትጌበር ሰዓት» ይሉታል፣ ጊዜ ሰጪ ማለት ነው በጀርመንኛ። እኔን ብትጠይቁኝ የአክስቴ ሰዓት ነው። ፀሐይ ወጣች፣ ከዚያ አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት። በኛ አገር ደግሞ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው ከአንድ ሰዓት ትንሽ ከፍ ቢል ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ቆጠራው እምብዛም አይዛነፍም።

ስልኬ ብቻ ነው ይህን ያልሰማው። አክስቴ በሌሉበት ሳምንት ለሸዋ ሮቢት መኪና ብዬ ደወሉን 11 ሰዓት ላይ ሞላሁት። ረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ጮኸ። መኪናው ያኔ ጣርማ በርን ጨርሶ ደብረ ሲናን አልፏል።

ለነገሩ ያከራዩኝ ሰውዬ አውራ ዶሮዎችም ሰዓት አላቸው። የጃፓን ተመራማሪዎች ዶሮዎችን ቀንና ሌሊቱ በማይለይ ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ አስቀምጠው ቢያዩ፣ ንጋት ሳያዩም በውስጥ ሰዓታቸው ይጮኻሉ። በፈረንጆቹ 2015 ደግሞ ሌላ ነገር አገኙ፤ መጀመሪያ የሚጮኸው የበላዩ አውራ ነው፣ ሌሎቹ እሱን ጠብቀው በማዕረግ ተራ ይከተላሉ። ለዚህ ጃፓን ድረስ ምን አስኬደ? የኛ መሥሪያ ቤት የሰኞ ስብሰባ ላይ ቢቀመጡ በግማሽ ሰዓት ያገኙት ነበር።

ቡናውም አለ። ነቅተን በቆየን ቁጥር አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ነገር ይከማችና ተኛ ተኛ ይላል፤ ካፌይን የዚህን መቀመጫ ቀድሞ ይይዝበታል። ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። አክስቴ ማታ 12 ሰዓት ላይ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለው 2 ሰዓት ላይ ያንኮራፋሉ። ካፌይንን ቶሎ የሚያፈራርስ ጉበት ያላቸው ሰዎች አሉ ይባላል። የአክስቴ ጉበት ግን ሳያስገባው ነው የሚመልሰው።

ዕድሜም ሰዓቱን ይገፋዋል። የጎረምሳ እንቅልፍ ወደ ሌሊት ይሸሻል፣ የአዛውንት ወደ ምሽት ይቀርባል። ስለዚህ እስከ እኩለ ሌሊት የሚያፈጥጠው የወንድሜ ልጅም ነጻ ነው፣ አክስቴም ነጻ ናቸው። የኔን የአርባ አምስት ዓመት ዕድሜ የሚከላከል ጥናት ግን ፈልጌ አጣሁ። እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ፈለግሁ።

10 ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። ውጭ ውርጩ ሣሩን አንጥቶታል።

«ያንን ዋሻ የገባውን ሰውዬ» አሉ አክስቴ፣ «ጊዜህ አልቋል ብሎ ማን ነገረው?»

«ከላይ ያሉት ጓደኞቹ... በስልክ» አልኩ ዓይኔን ሳልገልጥ።

«አየህ! ስልክ ማለት እንዲህ ነው» ብለው ባናውን ገፈፉኝ።