የቶም ከረን ጊታር ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ አይደለም

ስለ ቶም ከረን የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1985፣ በ1986 እና በ1990 የዓለም የሰርፊንግ (በሰሌዳ ላይ ቆሞ በባሕር ማዕበል ላይ የመንሸራተት ስፖርት) ሻምፒዮን፤ የፕሮፌሽናል ውድድሩ ከተጀመረ ወዲህ ዋንጫውን ያነሳ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ወንድ። ማሳረጊያው ላይ ደግሞ «ጊታርም ይጫወታል» የምትል ዓረፍተ ነገር ጣል ትደረጋለች። ይህቺን ዓረፍተ ነገር አንቀበላትም። ከረን ጊታርና ድራም ይጫወታል፣ ዘፈን ይጽፋል፣ ይዘፍናል፣ አልበምም አሳትሟል። ሰርፈር ሆኖ ሙዚቀኛ መሆን ምን እንደሚጠይቅ የሚያውቅ ሰው በዚህ ሥራ አይቀልድም። ባሕር ቀድሞ የሚያበላሸው ሙዚቀኛ አጥብቆ የሚፈልገውን ነውና፦ ጆሮን፣ የጣት ጫፍንና የጊታር ክርን።

ጆሮው ይቅደም። ከረን ያደገው በካሊፎርኒያዋ ሳንታ ባርባራ፣ ሪንከን በሚባለው ዝነኛ የማዕበል ዳርቻ አካባቢ ነው። እዚያ ውሃው በክረምት ወደ 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይወርዳል። እንዲህ ያለ ቀዝቃዛ ውሃና ነፋስ ለዓመታት ጆሮ ውስጥ ሲመላለስ በጆሮው ቦይ ግድግዳ ላይ አጥንት እያደገ ቀዳዳውን ያጠበዋል። በሰርፈሮች ዘንድ «የሰርፈር ጆሮ» ይባላል። ቀዳዳው ሲጠብ ውሃና ኩክ እዚያው ይታሰራሉ፣ ጆሮ ያመረቅዛል፣ ድምፅም በጥጥ ውስጥ ያለፈ ያህል ታፍኖ ይሰማል። መድረክ ላይ የሚከተለው ችግር ግልጽ ነው። ሙዚቀኛው ራሱን መስማት ስለሚያቅተው ድምፅ ማጉያውን ከፍ ያደርጋል፤ አጠገቡ የቆሙት ባልደረቦቹ ይጎዳሉ። የድምፅ ኃይል 100 ዴሲቤል ሲደርስ ጤነኛ ጆሮ ያለ መከላከያ ከ15 ደቂቃ በላይ መቆየት የለበትም። አጥንቱ አንዴ ካደገ የሚወገደው በቀዶ ሕክምና ነው፤ ከዚያም ለሳምንታት ወደ ውሃ መግባት የለም። ለዚህ ነው የጆሮ መድፈኛ ገና በወጣትነት መጀመር ያለበት፣ ያውም ውሃ እየከለከለ ድምፅ የሚያሳልፈው ዓይነት።

ጣትም አለ። ጊታር ተጫዋች የጣቱ ጫፍ እንዲደድር ሳምንታት ይለማመዳል። ሁለት ሰዓት ባሕር ውስጥ የቆየ እጅ ግን ይርሳል፣ የደደረው ቆዳ ይለሰልሳል። በዚያው እጅ ወዲያውኑ ክር የሚጫን ሰው ቆዳው ይላጥበታል፣ ያ ሁሉ ልፋት እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። እጅን በንጹሕ ውሃ ታጥቦ፣ አድርቆ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መታገስ ያስፈልጋል።

ክሩ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ይሞታል። ቀጫጭኖቹ የብረት ክሮች ይዝጋሉ። ወፍራሞቹ ላይ በተጠመጠመው ሽቦ መሃል ጨውና ላብ ይገባና ክሩ እኩል ክብደት አይኖረውም፤ ስለዚህ በጣት ሳይጫን ሲመታ ቅኝቱን የጠበቀ ክር አሥራ ሁለተኛው ፍሬት (በጊታሩ አንገት ላይ ያለ የብረት መስመር) ላይ ሲጫን ይስታል። ጊታሩን ደጋግሞ መቃኘት መፍትሔ አይሆንም፣ ክር መቀየር ነው። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ክሩን ከላይም ከታችም በደረቅ የጥጥ ጨርቅ መጥረግ ዕድሜውን ያራዝማል። እንጨቱም ቢሆን የባሕር ዳርቻ አየር አይስማማውም። የሚመቸው እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን የሳጥኑ ፊት ያብጣል፣ ክሩ ከአንገቱ ይርቃል፣ ለመጫን ይከብዳል። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የተተወ ጊታር ደግሞ ሙጫው ለስልሶ ክር ማሰሪያው ሊነሳ ይችላል።

በዚህ መንገድ የሄደው ከረን ብቻ አይደለም። 11 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ኬሊ ስሌተር ከሮብ ማቻዶና ከፒተር ኪንግ ጋር «ዘ ሰርፈርስ» በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ1998 አልበም አውጥቷል። የከረን ልጅ ሊ-አን ከረንም ሰርፈርና ሙዚቀኛ ናት። ከረንን ግን ለብቻው የምናነሳው በምክንያት ነው። በ1990 ዋንጫውን ያነሳው እንደ አዲስ ተወዳዳሪ ከማጣሪያ ዙር እየተነሳ ነው። ያን ትዕግሥት የምናደንቅ ከሆነ፣ ለጊታሩም ያንኑ ዓይነት ጆሮ እንስጥ። ዘፈኑን የሚገመግም ጸሐፊ ዋንጫዎቹን ለጊዜው ወደ ጎን ያድርግና ስለ ዜማው፣ ስለ ምቱና ስለ ቅኝቱ ይጻፍልን።