ወተት የብየዳ ጭስ አያወጣም

ወንድሜ የለጠፍከው የብየዳ ጠረጴዛ አሰራር አሪፍ ነው፣ 8 ሚሊ ላሜራ መምረጥህም ልክ ነህ፣ ግን «እግሩን በጋልቫናይዝድ የውሃ ቧንቧ ስሩት፣ ስትበይዱ ወተት ጠጡበት ምንም አትሆኑም» ያልካት ነገር ስህተት ናት። ደሴም ኮምቦልቻም ስንቱ በያጅ ያምናታል መሰለህ፣ ግን ወተቱ ሚሄደው ሆድ ጭሱ ሚገባው ሳንባ፣ የት ሊገናኙ ነው?

ጋልቫናይዝድ ማለት ዚንክ የተለበጠ ማለት ነው፣ ቧንቧው ላይ ያለው ዚንክ 907 ዲግሪ ላይ ይተናል፣ ብረቱ ደሞ ሚቀልጠው 1500 አካባቢ ስለሆነ ገና ኤሌክትሮዱ ሲነካው ያ ነጭ ጭስ ቡን ይላል፣ ዙሪያውን ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል፣ እሱ ዚንክ ኦክሳይድ ነው። ከሳብከው ወዲያው ምንም አይልህም፣ ማታ ላይ ብርድ ብርድ ይልሃል፣ ያተኩስሃል፣ ይቆረጥምሃል፣ አፍህ ብረት ብረት ይላል። ኮምቦልቻ ያለው ወባ ነው ይላል፣ ደሴ ያለው ምች መታኝ ብሎ ዳማከሴ ያሻል 😂 ብዙ ጊዜ በ1 ወይ 2 ቀን በራሱ ስለሚለቅ ነው ወተቱ ያዳነ ሚመስለው። ትንፋሽ ካጠረህ ግን ቀልድ የለም ሐኪም ቤት ሂድ።

ለእግሩ ጥቁሩን 50 በ50 አርኤችኤስ (ውስጡ ባዶ የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) ግዛ፣ ዚንክ የለውም። ቧንቧውን ገዝተኸው ከሆነ መበየጃው ጋ በየጎኑ 5 ሴንቲ ያህል ብረቱ እስኪታይ በግራይንደር ላጠው (ማስክ አድርገህ፣ የጨርቁን አይደለም ብናኝ ሚይዘውን)፣ ከዛ ውጪ አውጥተህ በይድ፣ የደሴ ብርድ ነው ብለህ በሩን እንዳትዘጋ።