እንኳን ለፎርኬ አደረሳችሁ!

ከዩቲዩብ መንደር የሚሰማው የምሥራች ማለቂያ የለውም። አምና በ720 የፒክስል መስመር የተቀረጸው ሰርግ ዘንድሮ ፎርኬ (4K)፣ ማለትም ባለ 2160 መስመር ሆኗል። በሚኒ ዲቪ ካሴት ዘመን የተሠራው ድራማም ፎርኬ ሆኗል። ካፌ በረንዳ ላይ በስልክ የተያዘው ቃለ መጠይቅ ሳይቀር ርዕሱ ላይ «ፎርኬ» የሚል ማዕረግ ተለጥፎለታል። ካሜራ ሳይገዛ፣ መብራት ሳይታከል፣ ሌንሱ እንኳ ሳይወለወል፣ ያለቀው ቪዲዮ በሚወጣባት የኤክስፖርት መስኮት ላይ 3840 በ2160 ብሎ በመጻፍ ብቻ! ይህንን ተአምር በእጃቸው የሠሩትን ኤዲተሮችና የቻናል ባለቤቶች ሳናመሰግን ብንቀር ድንጋዮች ይጮኻሉ።

ጥበቡ የሚጀምረው ከቴሌግራም ነው። ቀራጩ የቀረጸውን ለኤዲተሩ እንደ ፋይል አይልክለትም። እንደ ፋይል የተላከ ነገር አንዲት ባይት ሳትጎድልበት ይደርሳል፤ ታዲያ ይህ ምን ሙያ አለው? እንደ ቪዲዮ ይልከዋል። ቴሌግራምም ታዛዥ ነው፤ ጨምቆ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 720 አውርዶ ያስረክባል። ኤዲተሩ ተቀብሎ ወደ 2160 ይሰቅለዋል። 1280 በ720 ሲባዛ 921,600 ፒክስል ነው፤ 3840 በ2160 ደግሞ 8,294,400። ልዩነቱ ዘጠኝ እጥፍ ነው። ስለዚህ ተመልካቹ ከሚያያቸው ዘጠኝ ፒክስሎች ስምንቱን ካሜራው አያውቃቸውም፤ ሶፍትዌሩ ግራ ቀኙን አይቶ የገመታቸው ናቸው። ሽሮ ሳይጨምር ውሃ ብቻ እየቸለሰ ድስት የሚሞላ ባለሙያ በየቤቱ አይገኝም።

የካሴቱ ድራማ ላይ ሙያው ይበልጥ ይጎላል። በእኛ አገር ፓል በተባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት የተቀዳ ሚኒ ዲቪ 720 በ576 ነው፤ ፎርኬ ሲሆን ከ20 ፒክስል 19ኙ ግምት ይሆናል። ምስሉም እያንዳንዱ ፍሬም (አንዱ ነጠላ ምስል) ጎዶሎና ተጋማሽ ቁጥር ባላቸው መስመሮች ተከፍሎ በሴኮንድ 50 ግማሽ ፍሬም ሆኖ የተቀዳ ስለሆነ፣ ሳይሰፋ በፊት ዲኢንተርሌስ መደረግ፣ ማለትም ግማሾቹ ወደ ሙሉ ፍሬም መመለስ ነበረባቸው። ጀግኖቻችን ይህችን ያልፏታል። ተዋናይዋ እጇን ባነሣች ቁጥር ጣቶቿ ዳር ላይ ቀጫጭን አግድም መስመሮች ይበቅላሉ። ከዚያ የአራት በሦስቱ ምስል 16 በ9ን ሞልቶ እንዲታይ ወደ ጎን ይለጠጣል። ቀጭኗ ተዋናይት በአንድ ሌሊት ትወፍራለች፤ የመኪናው ጎማም እንቁላል ይሆናል። የምስሉን ቅርጽ እንዳለ ቢተዉት ዩቲዩብ ራሱ ግራና ቀኙን ያጠቁር ነበር፤ ግን የተከፈለበት ስክሪን ባዶውን ሲውል ማን ያያል?

ለነገሩ የፎርኬው ወሬ ከባዶ ሜዳ አልተነሣም። ዩቲዩብ የተጫነለትን ሁሉ በራሱ መንገድ እንደገና ይጨምቃል፤ ከ1440 ጀምሮ ላለው ደግሞ ከ1080 የሰፋ ቢትሬት (በሴኮንድ የሚፈስ የመረጃ መጠን) ይመድባል፣ ቪፒ9 የተባለውን የተሻለ ኮዴክም (የመጨመቂያ ዘዴ) ይጠቀማል። ስለዚህ ከካሜራው በቀጥታ የመጣን ንጹሕ 1080 ወደ 1440 አሳድጎ መጫን ለቅጠል፣ ለዝናብና ለሐበሻ ቀሚስ ጥለት የሚታይ ጥቅም አለው። «ንጹሕ» የምትለዋን ቅድመ ሁኔታ ግን ባለሙያዎቻችን ለሰነፎች ትተዋታል።

ትዕግሥታቸውንም እናወድስ። ዩቲዩብ በሴኮንድ እስከ 30 ፍሬም ለሚሄድ 1080 ቪዲዮ የሚመክረው በሴኮንድ 8 ሜጋቢት ነው፤ ለፎርኬ ከ35 እስከ 45። የ40 ደቂቃ ድራማ በ8 ሜጋቢት ኤክስፖርት ሲደረግ 2.4 ጊጋባይት ያህል ይመዝናል፤ በ45 ሲሆን 13.5 ጊጋባይት። በሴኮንድ 5 ሜጋቢት በሚጭን መስመር የመጀመሪያው በአንድ ሰዓት ከአራት ደቂቃ ያልቃል፣ ሁለተኛው ስድስት ሰዓት ይፈልጋል። ስድስት ሰዓት መብራት እንዳይጠፋ፣ ዋይፋዩ እንዳይቆራረጥ፣ ፓኬጁ እንዳያልቅ እየተጸለየ ይታደራል። 13.5 ጊጋባይቱም በከንቱ አይሄድም፤ ቴሌግራም ሲጨምቅ ፊት ላይ የተዋቸውን አራት ማዕዘን ብሎኮች አንዱንም ሳይጥል በታማኝነት ያደርሳል።

አሁን ወደ ፍሬም እንምጣ፤ እዚህ ጋ ነው ፈጠራው የሚበዛው። የስቱዲዮው ካሜራ በሴኮንድ 25 ፍሬም ቀርጿል። የስልኩ «30» ይላል እንጂ ክፍሉ ሲጨልም ይወርዳል፣ መስኮት አጠገብ ሲደርስ ይወጣል። ሁለቱን አንድ ታይምላይን ላይ ጥሎ በ60 ኤክስፖርት ማድረግ የተለመደ ነው፤ 60 ከ25 ይበልጣላ! 60 ለ25 ሲካፈል 2.4 ይመጣል፤ ሁለት ነጥብ አራት ጊዜ የሚታይ ፍሬም ደግሞ ስለሌለ አንዱ ሁለት ጊዜ፣ ሌላው ሦስት ጊዜ እየተደገመ ይሄዳል። ውጤቱ እስክስታ ላይ ይታያል፤ ትከሻው ይወርዳል፣ ያመነታል፣ ይወርዳል። አዲስ ስልት የፈጠሩ የመሰላቸው ተወዛዋዦች ካሉ ምስጋናቸውን ለኤዲተሩ ይላኩ። የስልኩ ቪዲዮም ፍሬሙ ስለሚዋዥቅ ከ20 ደቂቃ በኋላ ከንፈርና ቃል ይለያያሉ፤ እንግዳው አፉን ከዘጋ በኋላ ንግግሩ ይቀጥላል። ሃንድብሬክ በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ፋይሉን አስቀድሞ ኮንስታንት ፍሬምሬት (ፍሬሙ የማይዋዥቅ) ማድረግ፣ ከዚያም ሁሉንም በ25 ሠርቶ በ25 ማውጣት ችግሩን ይፈታዋል። ግን ማን 25 የሚል ቁጥር አይቶ ይረካል?

የጽሑፉ ውበትስ? ከሥር ደማቅ ቀይ ተንሸራታች ጽሑፍ፣ ከላይ በቀኝ የሚሽከረከር ሎጎ፣ በግራ ደወሏን የምታንቃጭል «ሰብስክራይብ»፣ በመሐል የሚዘንብ ብልጭልጭ። ዩቲዩብ ላይ የሚወጣው ቪዲዮ የብርሃኑን መረጃ ለእያንዳንዱ ፒክስል፣ የቀለሙን ግን ለአራት ፒክስል አንድ አድርጎ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ቀጭን ቀይ ፊደል ጥቁር ላይ ሲጻፍ ዳሩ ይቀልጣል፤ «ሀ»ን ከ«ሁ» የምትለየው ትንሿ ቅጥያ መጀመሪያ ትሰወራለች። ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ቢጫ ወፍራም ፊደል ይህ ችግር አይነካውም፤ ያን ያህል አያምርም እንጂ። የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ደግሞ ቢት ይበላል። ሎጎው፣ ደወሉና ብልጭልጩ ድርሻቸውን ካነሡ በኋላ የተረፈችው ለዘፋኙ ፊት ትደርሳለች።

ድምፁን በተመለከተ አገር የሚያውቀው መርህ አንድ ነው፤ ሜትሩ ቀይ ካልሆነ ሥራው አላለቀም። ዩቲዩብ ላፍስ በተባለው የጩኸት መለኪያ ሲለካ ከዜሮ በታች 14 ገደማ ካለው መጠን በላይ የሚጮኸውን ራሱ ዝቅ ያደርገዋል። ሊሚተር (የድምፁን ጫፍ የሚገድብ መሣሪያ) ተጭኖበት እስከ ከዜሮ በታች 6 የተገፋ ዘፈን በ8 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ጩኸቱ ይሄዳል፣ ከበሮና ክራር አንድ ላይ የተደፈጠጡበት ግን እንደተደፈጠጡ ይቀራሉ። በጸጥታ የተቀዳውን ቃለ መጠይቅ ደግሞ ዩቲዩብ ከፍ አያደርገውም። ተመልካቹ ለመስማት ስልኩን እስከ ጥግ ከፍቶ ጆሮውን ሲያስጠጋ ማስታወቂያው ይመጣል። የአንዱ የደረት ማይክ በግራ ቻናል ብቻ፣ የሌላው በቀኝ ብቻ ተቀድቶ፣ ሳይታይ፣ እንዲያው የሚወጣበትም ጊዜ አለ፤ ጠያቂው በግራ ጆሮ፣ ተጠያቂው በቀኝ ጆሮ ይከራከራሉ። ሁለቱንም ወደ መሐል ማምጣት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ከፍተኛው ጫፍም ከዜሮ አንድ ዴሲቤል ዝቅ ቢል ኤኤሲ የተባለው የድምፅ ኮዴክ ሲጨምቅ አይሰነጠቅም። ግን ኤዲተሩ የሠራው በላፕቶፑ ስፒከር ነውና እዚያ ግራና ቀኝ ወንድማማች ናቸው።

የሰው ፊልም አውርደው ኮፒራይት እንዳይዛቸው ምስሉን በመስታወት የሚገለብጡትንም አንርሳ። ሾፌሩ በቀኝ ወንበር ተቀምጦ የቦሌን መንገድ በግራ ጠርዝ ይነዳል፤ «ሥጋ ቤት» የሚለው ሰሌዳም ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል።

ሰብታይትል የሚሠሩት ጥቂቶች ናቸው፤ ከእነሱም መሐል ፋይሉን የግዕዝ ፊደልን በሚይዘው በዩቲኤፍ 8 የጽሑፍ ኮድ ፈንታ በማይዘው በአንሲ የሚያስቀምጡ አሉና ተመልካቹ ከጥያቄ ምልክት በቀር ፊደል አያይም። በድሮው የፓወር ግዕዝ ፊደል የተጻፈ ርዕስ ተገልብጦ ሲለጠፍ ደግሞ የላቲን ፊደል ዝባዝንኬ ይሆናል። ምሥጢር ጠባቂነታቸው ያስመሰግናቸዋል።

በመጨረሻ ያ ስድስት ሰዓት የታደረለት ፋይል ይደርሳል። ዩቲዩብ መጀመሪያ ዝቅተኛውን ጥራት ያዘጋጃል፤ 1080 እና ፎርኬው ዘግይተው ነው የሚመጡት። ቪዲዮውን «ፕራይቬት» አድርጎ ከፍተኛው ጥራት እስኪዘጋጅ መጠበቅና ከዚያ መልቀቅ ይቻላል። የእኛ ሰው ግን ሊንኩን በዚያችው ደቂቃ በአሥር የቴሌግራም ግሩፕ ይበትናል። የመጀመሪያዎቹ አንድ ሺህ ተመልካቾች ፎርኬውን በ360 ያዩትና ከሥር «ጥራቱ ይስተካከል» ብለው ይጽፋሉ። ባለቤቱ ይደነግጣል። ዩቲዩብ የተጫነን ፋይል በሌላ ፋይል መተካት አይፈቅድምና ቪዲዮውን ይሰርዘዋል፤ እይታው፣ አስተያየቱና በአሥር ግሩፕ የተበተነው ሊንክ አብረው ይጠፋሉ። ከዚያ የኤዲቲንግ ሶፍትዌሩን፣ ፕሪሚየርን፣ ከፍቶ ቢትሬቱን ከ45 ወደ 100 ያሳድግና 30 ጊጋባይቱን ከማታው ሦስት ሰዓት ጀምሮ መጫን ይጀምራል።