ድኅነትን በጋራ እንቀንስ!

ባለፈው ሳምንት ተጋብዤ የሄድኩበት አዳራሽ በር ላይ የተሰቀለውን ባነር አይቼ እጅ ነሣሁ። «ድኅነትን በጋራ እንቀንስ!» ይላል፣ በብዙኃኑ ኀ። ማለት የፈለጉት ማጣትን ነው፤ የጻፉት የነፍስ መዳንን።

እንዲህ ያለ ድፍረት ከየት ይገኛል! ቅዱሳን ዕድሜ ልካቸውን የጾሙለትን ነገር እነዚህ በሦስት ቀን ዐውደ ጥናት፣ ያውም ከሻይ ዕረፍት ጋር፣ ሊቀንሱት ተነሡ። ድኅነት በገጠር ምን ያህል እንደ ተስፋፋ በስላይድ ታየ፤ ተሳታፊው ራሱን ነቀነቀ። በቡድን ውይይቱ «ድኅነት ከትውልድ ወደ ትውልድ እንዳይተላለፍ» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ተጨበጨበለት። ከዚያ ምሳ። ከምሳ በኋላ አበል። አበሉ ላይ እንኳ የፊደል ስሕተት አልነበረም፤ ሁሉም ስሙን አጥርቶ ጽፎ ፈረመ። ማታ ስልኬን ብከፍት ደግሞ አንዱ መንፈሳዊ ወንድም «ለዓለም ሁሉ ድህነት ሆነ» ብሎ ለጥፏል፣ በሃሌታው ሀ። እነዚህን ሁለት ሰዎች ማን ባገናኛቸው! ፊደል ቢለዋወጡ ሁለቱም በዳኑ።

ስፔኖችም አቼ (H) የምትባል የማትነበብ ፊደል አለቻቸው፤ በገዛ ስሟ ውስጥ እንኳ ድምፅ የላትም። «ኦላ» ከእሷ ጋር ሲጻፍ ሰላምታ ነው፣ ያለ እሷ የባሕር ሞገድ። ስንቱ ወዳጁን በሞገድ ሰላም ይላል! ኮሎምቢያዊው ደራሲ ጋርሲያ ማርኬዝ እ.ኤ.አ. በ1997 ሜክሲኮ፣ ሳካቴካስ ላይ «ትቀበር» ቢል ጫጫታው ለጉድ ነበር። እኛ ጨዋዎች ነን፤ ሐመሩን ሐም ንጉሡን ሠም ያለ ተዝካር ቀብረናል።

ፊደል ይቀነስ ብሎ አስቦበት የሚከራከር ሰው አለ፤ እሱን አከብረዋለሁ። ያቃጠለኝ ሌላ ነው። ባነሩን ያተመው ልጅ እንደ ነገረኝ፣ «የትኛው ሀ ነው?» ብሎ ጠይቆ ነበር። ባለከረባቱ «ያው ነው ባክህ፣ ቶሎ በል!» አለው። ያው አይደለም! ይኸው ሰውዬ በእንግሊዝኛ ደብዳቤው ላይ አንዲት ፊደል እንዳትሳሳት ላብ ያጠምቀዋል፣ ሦስት ሰው ያሳያል። በአማርኛው ሲሆን ግን ለማወቅ የጠየቀውን ልጅ ያሸማቅቃል።

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ባነሩ በሦስተኛው ቀን ተጠቅልሎ መጋዘን ገባ። ጀርባው ላይ በወፍራም እስክሪብቶ «ለቀጣዩ አመት» ተብሎበታል፣ በአልፋው አ። አመት በግእዝ ገረድ ናት። እዚያ አቧራ እየጠጣ ቀጣይዋን ገረድ ይጠብቃል።